ከእኛ በኩል የተደረገ ግንኙነት

ኅዳር 11 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ከጨጓራዬ በቀር ደህና ነኝ። ጨጓራዬን ማን እየላጠው እንደሆነ እያነበብሽ ስትሄጂ ትደርሺበታለሽ። ይህን የምጽፍልሽ ከመሥሪያ ቤታችን መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶኑ ገና ያልተፈታ የዳቦ መጋገሪያ ላይ ወረቀቴን አስደግፌ ነው። በእጄ የምጽፈውም ሆን ብዬ ነው። ከአሁን በኋላ በእኔ ስም በማሽን የተጻፈ ነገር ቢደርስሽ እንደማታምኚ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን አላምንም።

ባለፈው ሐሙስ ስልክሽ ላይ የገባውን መልእክት እኔ አልላክሁትም። መጀመሪያ ይህ ይታወቅልኝ። «ሰላም ሚጡ! ከተገናኘን 214 ቀናት አልፈዋል። ናፍቀውናል! በአዲሶቹ የሊጥ ማቡኪያዎቻችን ላይ ልዩ ቅናሽ አዘጋጅተንልዎታል። መልእክታችን እንዳይደርስዎ ከፈለጉ አቁም ብለው ይላኩ» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ሙሉ ስምና የቢሮ ስልክ አለ። አንቺም «አቁም» ብለሽ መለስሽ። ይህችን መልስ ያየኋት በማግሥቱ ጠዋት ስብሰባ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ስክሪን፣ በቀይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ሰባት ወር ድምፅሽን ስጠብቅ ቆይቼ የመጀመሪያዋ ቃልሽ እሷ ሆነች። ኩም አልኩ።

አባቴ ሰባት ወር ዘግቶኝ ሲያበቃ ማቡኪያ ሊሸጥልኝ ፈለገ ብለሽ እንደሆነ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። የሽያጭ ክፍላችንን ታውቂዋለሽ፤ አምስት ሻጭ፣ አምስት ደብተር። አንድ ዳቦ ጋጋሪ «ማቡኪያ ስንት ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ጥያቄው ከእኔ ደብተር ተነሥቶ ፕሮፎርማ ላይ በእጅ ይጻፋል፤ ፕሮፎርማውን ሦስት ሰው ይፈርምበታል፤ ከሦስቱ አንዱ ደግሞ ሁልጊዜ መስክ ወጥቷል ነው። ሰውየው መልስ እስኪያገኝ ዘጠኝ ቀን። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ሠርተናል፤ ያጉረመረመ ደንበኛ ቢኖርም ሄጄ አሥቄው እመለስ ነበር። ሐምሌ ላይ አዲስ የሽያጭ ሥራ አስኪያጅ መጣልን። ዕድሜው ካንቺ አይበልጥም። በገባ በሳምንቱ ሰሌዳ ላይ ክብና ቀስት ሲሥል ዋለና «ከዘጠኙ ቀን ውስጥ ወረቀቱ የሚሠራበት አርባ ደቂቃ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው» አለን። በወረቀቱ አሳቦ እኔን ተኝተሃል ያለኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰንጠረዥ ብለን ስም አወጣንለት፤ ሰምቷል፣ ግን ደስ ያለው ይመስላል።

ሰንጠረዥ ወንበሮቹን ከስብሰባ ክፍል አስወጣ፤ ወንበር ጊዜ ይበላል ተብሎ ጠዋት ጠዋት አሥራ አምስት ደቂቃ ቆመን ነው የምንሰበሰበው። ለየራሳችን ታብሌት ታደለን። እዚህ ላይ አንጀቴ እንዴት እንዳረረ ልንገርሽ። ዳቦ ቤት ገብቼ ሰላምታ ሳልጨርስ «የጉብኝቱ ዓላማ» የሚለውን ካልሞላሁ ታብሌቱ ወደፊት አይሄድም። ከአምስት ምርጫ አንዱን ምረጥ ይላል። «ሰውየው እንዴት እንደዋለ ለማየት» የሚል ምርጫ የለም። ጣቴ ደግሞ ዱቄት የነካው እንደሆነ ስክሪኑ አያውቀኝም። ዳቦ ቤት ውስጥ ዱቄት ያልነካው ጣት ከየት ይመጣል? እጄን ሱሪዬ ላይ እየጠረግሁ ስነካካ፣ ባለቤቱ «ምነው፣ ፈተና ላይ ነህ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል።

ያም ሆኖ እውነቱን ልናገር፤ ፕሮፎርማው አሁን በዕለቱ ይወጣል። ፊርማውም እዚያው ታብሌቱ ላይ ያልቃል። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

መዘዙ የመጣው በደብተሬ ነው። ደብተሬን ታውቂያለሽ፤ ልጅ ሳለሽ ሽፋኑ ላይ አበባ ሥለሽበት የተቆጣሁሽ፣ የዚያ ዓይነቱ፤ ይኸኛው ሰባተኛው ነው። እኔ የደንበኛ ስም አልጽፍበትም፤ ስማቸውን መቼም አልረሳውም። የምጽፈው ስልክ ቁጥራቸውንና ልረሳው የምችለውን ነገር ነው። ከቀትር በፊት ሰው ማናገር የማይወደውን «ጠዋት አይነኬ» ብዬዋለሁ። ባል የሚያወራበት ሚስት የምትወስንበት ቤት «ባሏን ተወው» ይላል። ሰባት ዳቦ ቤት ያለውን ትልቁን ደንበኛችንን ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ቆንቋናው» ብዬዋለሁ። ሰንጠረዥ የሁላችንም ደብተር ኮምፒውተር ውስጥ ይግባ ሲል፣ አልሰጥም ብዬ ሁለት ሳምንት አንገራገርኩ። በኋላ በንዴት «በሉ እንካችሁ!» ብዬ ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። አንዲት ቃል ሳላስረዳ። ይፈልጉኝና ይጠይቁኛል፣ ያኔ ዋጋዬ ይታወቃል ብዬ ነበር።

ማንም አልጠየቀኝም። ደብተሩን እንድትገለብጥ የተሰጣት መዝገብ ቤት የነበረችው ሴትዮ ናት። ቃል በቃል ነው የምንላት፤ ከተጻፈው ላይ ነጥብ አትጨምርም፣ ነጥብ አትቀንስም። በምስክርነት ብታቀርቢያት ማንም አያሸንፋትም። የተጻፈውን እንዳለ ገለበጠችው፣ ሲስተሙም የስም ቦታ ላይ ያገኘውን እንደ ስም ያዘው። ሐሙስ ዕለት ራሱን በራሱ ለአንድ መቶ አርባ ሦስት ደንበኛ በእኔ ስም መልእክት ላከ። «ሰላም ጠዋት አይነኬ!» ብሎ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ። «ሰላም ባሏን ተወው! ናፍቀውናል!» እስቲ አስቢው ልጄ፣ ይህን ባልየው ቢያነበው?

ዓርብ ከሰዓት ቆንቋናው ዘንድ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። ቆሞ ተቀበለኝ። ስልኩን አውጥቶ መልእክቱን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ሠራተኞቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያልኩ ነው። በመጨረሻ ሰውየው ስልኩን ኪሱ ከተተና «ቆንቋና ካላችሁኝ አይቀር እንደ ቆንቋና አስተናግዱኛ» አለኝ። አራት መጋገሪያ ገዛ፤ በላዩ ላይ የሦስት ዓመት ነፃ ጥገና አስፈርሞኝ ሸኘኝ። ደብተሬ አልዋሸም።

ሰንጠረዥ ይኼኔ ሲስተሙን ይዘጋዋል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ እቴ! «ስህተቱ የማሽኑ አይደለም ጋሼ፤ እርስዎ የሚያውቁትን ለእኛ ስላልነገሩን ነው» አለኝና፣ ከቃል በቃል ጋር ተቀምጬ አንድ መቶ አርባ ሦስቱንም እንዳስተካክል አዘዘኝ። ደሜ ፈላ። የፈላውም እውነቱን ስለሆነ ነው።

ማስተካከሉን ሳንጀምር ግን ሲስተሙ አንድ ስም በቀይ አወጣ። «ከእኛ በኩል ግንኙነት ከተደረገ 19 ወር» ይላል። ጓሮዋ ውስጥ ሁለት ምድጃ ያላት ዳቦ ጋጋሪ ናት። ውሸት ነው ብዬ ተሟገትኩ። እኔ ደንበኛ ረስቼ አላውቅም፣ ይህን ደግሞ በየስብሰባው ስምልበት የኖርኩት ነገር ነው። ደብተሩን ሳወጣ ለካስ ገጿ ላይ ሻይ ፈሶበት ከሚቀጥለው ገጽ ጋር ተጣብቋል። ቃል በቃል በማስመሪያ ጫፍ አላቃ ነው ያነበበችው፤ እኔ ግን ሳገላብጥ ሁለቱን ገጽ እንደ አንድ እያለፍኩ አሥራ ዘጠኝ ወር።

ቅዳሜ ሄድኩ። ጓሮው በር ላይ የሌላ ድርጅት ማቡኪያ ቆሟል፣ አዲስ ነው፣ ፕላስቲኩ እንኳ ከእግሩ ላይ በደንብ አልተላጠም። ሴትየዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሊጧን እየቆረጠች፣ የድሮው ማቡኪያ ሲበላሽ ሦስት ጊዜ ቢሮ ደውላ እንዳጣችኝ፣ መልእክትም እንደተወች ነገረችኝ። ለምን አራተኛ አልደወልሽም ብዬ ጠየቅኋት፤ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ አሁን ነው የሚገባኝ።

«ሁልጊዜ እኔው ደውዬ፣ እኔው ላስታውስህ?» አለችኝ። «ፈላጊው አንተ ነህ ወይስ እኔ?»

መኪናው ውስጥ ገባሁ። ከዚያ ታብሌቱን አውጥቼ «የጉብኝቱ ዓላማ» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላጉረመርም ሞላሁ።

ትናንት ሰኞ ከቃል በቃል ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን ስሞቹን ማስተካከል ጀመርን። ደንበኛ በተከፈተ ቁጥር ሲስተሙ ሪፖርት ያወጣል፦ ስንት ጊዜ ተገናኙ፣ ማን ደወለ፣ ምን ተባለ፣ ምን ቀረ። ከሰዓት በኋላ፣ ሰማንያ ስንተኛው ላይ መሰለኝ፣ «ሚጡ» የሚል ተከፈተ።

ደብተሬ ውስጥ ገጽ እንዳለሽ አታውቂም። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ነው የከፈትኩት። እሷ በነበረችበት ጊዜ ስልኩን ደውላ፣ አውርታ ስትጨርስ ለእኔ ታቀብለኝ ነበር፤ እኔ «አለሽ? በርቺ» ብዬ እመልስላት ነበር። እሷ ስትሄድ የምትነግሪኝን የሚያስታውስልኝ ሰው አጣሁና መጻፍ ጀመርኩ። «ደወለች። ጥርሷን ያማታል። በሚቀጥለው ጠይቅ።» «ደወለች። ቤት ልትቀይር ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለውም።» «ደወለች። ሳል አላት፤ የለኝም አለች፤ አላት።» በዚህ ገጽ እኮራበት ነበር። ሰው ቢጠይቀኝ፣ ልጄን እንደማልረሳ ማስረጃው ይኸው እል ነበር። የሚጠይቀኝ ሰው ባይኖርም።

ቃል በቃል ለምን እንደገለበጠችው ስጠይቃት «ደንበኛ ናት አይልም፣ አይደለችምም አይልም» አለችኝ። ከዚያ ሁለታችንም ስክሪኑን አየን።

ጠቅላላ ግንኙነት፦ 41። በደንበኛዋ በኩል የተደረገ፦ 41። ከእኛ በኩል የተደረገ፦ 0።

ተሳስተሻል አልኳት። እሷ ተሳስታ አታውቅም። ደብተሩን አውጥታ ከመጀመሪያው መሥመር እስከ መጨረሻው በጣቷ እያስኬደች አነበበችልኝ፤ ደወለች፣ ደወለች፣ ደወለች። «ደወልኩ» የሚል የለም። «በሚቀጥለው ጠይቅ» የሚል አሥራ ዘጠኝ ቦታ አለ፤ ጠየቅሁ የሚል አንድም የለም። አራት ዓመት ሙሉ ሚጡዬ! እኔ እኮ የምንነጋገር ይመስለኝ ነበር። እሁድ እሁድ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብዬ መጠበቄን እንደ መደወል ቆጥሬዋለሁ።

የመጨረሻው መሥመር ሚያዝያ 7 ነው። ያን እሁድ ስለ ሥራዬ ሳማርርልሽ «አባዬ፣ ይህን ይህን ማሽን ይሥራው፤ አንተ ሰዎቹን እያቸው» አልሽኝ። የምትሠሪውም ከማሽን ጋር ስለሆነ ታውቂዋለሽ። እኔ ግን አርጅተሃል ያልሽኝ መሰለኝና «ሥራዬን አንቺ አታስተምሪኝም» ብዬ ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ደብተሬን አውጥቼ «ደወለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ስለተባባልነው ምንም አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲያ ትደውላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰባት ወር ሙሉ ተቀይመሻል ብዬ ቅር አለኝ፤ ስልኩ እኔም እጅ ላይ እንዳለ አንድ ቀን ትዝ አላለኝም። ያልሽው ልክ ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ የቀደድኩት ወረቀት ሌላ ነገር ለመጻፍ የሞከርኩበት ነው።

ቃል በቃል «ይህን ፋይል ምን ላድርገው?» አለችኝ። አቁም ያለ ደንበኛ ፋይሉ መዘጋት አለበት፤ ሲዘጋ ደግሞ ምክንያት ይመረጣል። ዋጋ ተወደደባቸው፣ ወደ ሌላ ድርጅት ሄዱ፣ ሥራ አቆሙ፣ የእኛ ጉድለት። አራት ምርጫ። ስለ እኔ የሚናገር ምርጫ በታብሌት ላይ ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው። አራተኛውን ነኪው አልኳት። አራተኛው ሲነካ ፋይሉ አይዘጋም ለካ፤ «ቀጣይ እርምጃ» የሚል ሌላ ገጽ ይከፍታል። ያንን ገጽ ያሠራው ሰንጠረዥ ነው። በልቤ መረቅሁት፤ እንዳትነግሪው።

አሁን ምን እንዳደረግን ልንገርሽና ይብቃኝ። ላንቺ ከዚያ ሲስተም ከእንግዲህ ምንም አይላክም፣ ስምሽን ከመልእክት ዝርዝሩ ላይ አጥፍተነዋል። ማስታወሻው የሚመጣው ለእኔ ብቻ ነው። እሁድ፣ አንቺ ከእንቅልፍሽ ተነሥተሽ ቁርስ በልተሽ ትጨርሻለሽ ብዬ በምገምተው ሰዓት፣ ታብሌቱ «ደውል» ይለኛል፤ እኔም ከቤት፣ በራሴ ስልክ እደውላለሁ። ያለ ማሽን በልቤ ይዤው እደውላለሁ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን በልቤ የያዝኩትን ሁሉ እንዴት እንደያዝኩት አየሁት። አቁም ያልሽው ለማሽኑ ከሆነ ቆሟል። ለእኔ ከሆነም ስልኩን አንሥተሽ በአንደበትሽ በይኝ፤ እሰማለሁ፣ አልዘጋብሽም።

ገጹ መጨረሻ ላይ «ስንት ጊዜ ይደገም?» ይላል። እስክታነሳ ድረስ በይ አልኳት። ቃል በቃል እንዳልኳት ጻፈችው፤ ሲስተሙ አልቀበልም አለ፣ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው። ትልቁ ቁጥር ስንት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ዘጠና ዘጠኝ ነው አለች።

ዘጠና ዘጠኝ አድርጊው አልኳት። የፊታችን እሁድ አንድ ይላል።

እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ደጅሽን ሰላም፣ ሥራሽን ቀና ያድርግልሽ። የእናትሽ ምርቃት አይለይሽ፤ የእኔም ዘግይቶም ቢሆን ይድረስሽ።

አባትሽ

ደግሞም፦ ጥርስሽ ተነቀለ ወይስ ተሞላ? ሳሉስ? አራተኛ ፎቅ ዕቃውን ማን አወጣልሽ?